አንድ ድል የጎደለው አሰልጣኝ፦ የማይክ ሊች ውርስ በምን ይለካል?

ናሽናል ፉትቦል ፋውንዴሽን የተባለው የአሜሪካ ተቋም በሜይ 2025 አንድ ቁጥር ዝቅ አደረገ። ወደ ኮሌጅ ፉትቦል የዝና አዳራሽ ለመግባት የሚታጭ አሰልጣኝ ካደረጋቸው ጨዋታዎች ቢያንስ 60 በመቶውን ማሸነፍ ነበረበት፤ ከ2027 ጀምሮ 59.5 በመቶ ይበቃዋል። ለውጡ የግማሽ በመቶ ብቻ ቢሆንም ዜናው እንደተሰማ በደጋፊዎች ዘንድ የአንድ ሰው ስም ተነሳ፤ የማይክ ሊች። የሚሲሲፒ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ የነበሩት ሊች ዲሴምበር 12 ቀን 2022 ከልብ ሕመም ጋር በተያያዘ ምክንያት በ61 ዓመታቸው አርፈዋል። የድል ምጣኔያቸው 59.6 በመቶ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዜናው በኋላ በተነሳው ክርክር ሁለት ጥያቄዎች ተደባልቀዋል። አንዱ «ደንቡ ለአንድ ሰው ሲባል ተለወጠ ወይ?» የሚል ነው። ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል፤ የሊግ ዋንጫ አንስተው የማያውቁ አሰልጣኝ፣ ሦስት ከተሞች እንደ ራሳቸው ሰው የሚያዝኑላቸው ለምንድን ነው? የመጀመሪያው በሂሳብ ይመለሳል። ለሁለተኛው ግን ሊች ያስተማሩትን ዘዴ ከነአሠራሩ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ከሥራቸው የሚበዛው በራሳቸው ስም በተመዘገበው የድል ሠንጠረዥ ላይ አይገኝም።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ

እዚህ ላይ ፉትቦል የምንለው እኛ እግር ኳስ የምንለውን አይደለም። በአሜሪካ ፉትቦል 11 ለ11 የሚጋጠሙ ቡድኖች 100 ያርድ ርዝመትና 53 ያርድ ከአንድ ሦስተኛ ስፋት ባለው ሜዳ ይጫወታሉ፤ አንድ ያርድ ከሜትር ጥቂት ያንሳል። አጥቂው ቡድን 10 ያርድ ለመግፋት አራት ሙከራ አለው። ኳርተርባክ የሚባለው ተጫዋች ኳሱን ተቀብሎ ወይ ለሯጭ ይሰጣል፣ ወይ በእጁ ለተቀባይ ይወረውራል።

የዩኒቨርሲቲዎቹ ውድድር የሚካሄደው ኮንፈረንስ በሚባሉ ማኅበራት ሲሆን፣ የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ የተሻሉት ቡድኖች ቦውል በሚባል የመዝጊያ ጨዋታ ይገናኛሉ። በመጸው ቅዳሜ በአሜሪካ የኮሌጅ ከተማ ውስጥ የኖረ አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ከተማው በሙሉ አንድ ዓይነት ቀለም ለብሶ ወደ ስታዲየም ሲጎርፍ አይቷል። ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልገው ዋና ነጥብ ግን የአቅም ልዩነቱ ነው። ተጫዋቾች የሚመለመሉት ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው፤ ባለ ትልቅ ስም ዩኒቨርሲቲዎች ግዙፎቹንና ፈጣኖቹን ቀድመው ይወስዳሉ፣ የተቀሩት ከተረፈው ይመርጣሉ። ሊች በዋና አሰልጣኝነት ያገለገሉባቸው ሦስቱም ዩኒቨርሲቲዎች፣ ማለትም ቴክሳስ ቴክ፣ ዋሽንግተን ስቴትና ሚሲሲፒ ስቴት፣ ከተረፈው ከሚመርጡት ወገን ናቸው።

ሂሳቡ ምን ይላል?

ሊች ለ21 የውድድር ዘመናት ዋና አሰልጣኝ ነበሩ። ከ2000 እስከ 2009 በቴክሳስ ቴክ 84 አሸንፈው 43 ተሸነፉ። ከ2012 እስከ 2019 በዋሽንግተን ስቴት 55 አሸንፈው 47 ተሸነፉ። ከ2020 እስከ 2022 በሚሲሲፒ ስቴት 19 አሸንፈው 17 ተሸነፉ። ሲደመር 158 ድልና 107 ሽንፈት፣ በጠቅላላው 265 ጨዋታ ይሆናል። የአዳራሹ ደንብ የሚጠይቀውን ቢያንስ 10 ዓመትና 100 ጨዋታ አልፈውታል፤ ያገዳቸው የድል ምጣኔው ብቻ ነው።

የ265 ጨዋታ 60 በመቶ ስንት ነው? ልክ 159። ከ107ቱ ሽንፈቶች አንዱ ድል ቢሆን ኖሮ ሊች የቀድሞውን መስፈርት ያለ አንዳች ትርፍ፣ ያለ አንዳች ጉድለት ያሟሉት ነበር። ደጋፊዎች የድሮ ጨዋታዎችን እየመዘዙ «ያቺ አንዷ የትኛዋ ነበረች?» የሚሉት ከዚህ ተነስተው ነው፤ እጩዎቹም ብዙ ናቸው። ኦክቶበር 4 ቀን 2014 የዋሽንግተን ስቴቱ ኳርተርባክ ኮነር ሃሊዴይ በአንድ ጨዋታ 734 ያርድ ወርውሮ በታሪክ ከፍተኛውን ቁጥር አስመዘገበ። ቡድኑ ግን 15 ሰከንድ ሲቀረው ከ19 ያርድ የተመታች የግብ ምት ስታ በካሊፎርኒያ 60 ለ59 ተሸነፈ። ሴፕቴምበር 2021 ላይ ደግሞ ሚሲሲፒ ስቴት በሜምፊስ 31 ለ29 ሲረታ፣ በዳኞች መቆም የነበረበት እንቅስቃሴ ቀጥሎ ለ94 ያርድ ሩጫና ለነጥብ በቃ፤ ስህተት መፈጸሙን ኮንፈረንሱ ራሱ በኋላ አምኗል።

ቁጥሩን በሌላ በኩል መፈተሽም ይገባል። ሊች ቡድኑን አዘጋጅተው በሜዳው ዳር ያልቆሙባቸው ሁለት ቦውሎች አሉ። አንዱ ከቴክሳስ ቴክ ከተሰናበቱ በኋላ በጃንዋሪ 2010፣ ሌላው ካረፉ በኋላ በጃንዋሪ 2023 የተደረጉ ሲሆን ሁለቱንም ቡድኖቻቸው አሸንፈዋል። ሁለቱ ድሎች ቢቆጠሩላቸው እንኳ 160 ከ267 ስለሚሆን ምጣኔው 59.9 በመቶ ላይ ይቆማል። ስለዚህ «የተነፈጉት ድል ቢታሰብላቸው ኖሮ» የሚለው የተለመደ ክርክር በቀድሞው ደንብ አያዋጣም ነበር።

ይበልጥ የሚያስረዳው ምጣኔውን ማን እንደጎተተው ማየት ነው። ዋሽንግተን ስቴት ሊች ከመምጣታቸው በፊት በነበሩት አራት ዓመታት 9 አሸንፎ 40 ጊዜ ተሸንፎ ነበር። ሊች በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 12 አሸንፈው 25 ተሸነፉ፤ በቀጣዮቹ አምስት ደግሞ 43 አሸንፈው 22 ተሸነፉ። እነዚያ ሦስት የግንባታ ዓመታት ከሂሳቡ ቢወጡ የዕድሜ ልክ ምጣኔያቸው 64 በመቶ ይሆናል። በዚህ ላይ ወረርሽኙ አለ። በ2020 የሚሲሲፒ ስቴት ኮንፈረንስ ከሌሎች ኮንፈረንሶች ጋር የሚደረጉትን አራት ግጥሚያዎች ሰርዞ አሥር የኮንፈረንስ ጨዋታ ብቻ አጫወተ። በአብዛኛው ቀለል የሚሉትና ምጣኔ የሚያነሱት የተሰረዙት ግጥሚያዎች ናቸው። ሊች በዚያ ዓመት ከቦውሉ ጋር 4 አሸንፈው 7 ተሸነፉ።

ተቃራኒው አስተያየትም ክብደት አለው። የወደቀ ቡድን መረከብ የሊች የራሳቸው ምርጫ ነበር፤ መስፈርት ደግሞ ለሁሉም አንድ ካልሆነ መስፈርትነቱ ይቀራል ይላሉ የሚቃወሙት። በቦውል ጨዋታዎች 8 አሸንፈው 9 ተሸንፈዋል። ዋሽንግተን ስቴት ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ጋር በሚያደርገው አፕል ካፕ በተባለው የጎረቤታሞች ፍልሚያ ከስምንት አንዱን ብቻ ነው ያሸነፉት። ይህ በሂሳብ ጨዋታ የሚሸፈን ድክመት አይደለም፤ መንስኤው ከዘዴያቸው ጋር ስለሚያያዝ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ደንቡ ለእሳቸው ሲባል ተለወጠ የሚለው ሙሉ በሙሉ አያስኬድም። ቀድሞ የሚሲሲፒ ስቴት አሰልጣኝ የነበሩት ጃኪ ሼሪል በ180 ድል፣ 120 ሽንፈትና 4 አቻ 59.9 በመቶ ላይ ቆመው ለዓመታት ከደጅ ቀርተዋል። የሉዊዚያና ስቴቱ ሌስ ማይልስም ዩኒቨርሲቲያቸው በ2023 የ37 ድሎችን መዝገብ በመሰረዙ ከ66.5 ወደ 59.7 በመቶ ወርደው ጉዳዩን ፍርድ ቤት አድርሰዋል። አዲሱ ወሰን ሦስቱንም ለመታጨት ያበቃል።

ኤር ሬይድ እንዴት ይሠራል?

ኤር ሬይድ ማለት የአየር ድብደባ ማለት ነው፤ ኳሱን ከመሸከም ይልቅ በአየር ማሻገርን ስለሚያስቀድም እንዲህ ተባለ። ሊች ብቻቸውን አልፈጠሩትም። በ1989 በአዮዋ ዌስሊያን የቀጠሯቸው ሃል መሚ የዘዴው ዋና አባት ናቸው። ሁለቱ በብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ላቬል ኤድዋርድስ ያስፋፉትን የውርወራ ጨዋታ አጥንተው፣ ከላዩ የማያስፈልገውን እየቀነሱ ወደ ቫልዶስታ ስቴት፣ ከዚያም ወደ ኬንተኪ ይዘውት ሄዱ። ሊች ራሳቸው በኮሌጅ ፉትቦል ተጫውተው አያውቁም፤ በተማሪነታቸው ራግቢ ይጫወቱ ነበር፣ ከዚያም በፔፐርዳይን ዩኒቨርሲቲ የሕግ ዲግሪ አገኙ። በሜዳ ያላደጉ መሆናቸው «ይህ ለምን እንዲህ ይደረጋል?» ብለው ለመጠየቅ ሳይረዳቸው አልቀረም።

የዘዴው መሠረት ቁጠባ ነው። ሌሎች ቡድኖች በመቶዎች የሚቆጠሩ ዕቅዶችን በወፍራም ጥራዝ ሲሸከሙ ሊች በጨዋታ ቀን የሚይዙት የታጠፈ አንድ ወረቀት ነበር። ጥቂት ዕቅዶችን መርጠው እነሱኑ በተለያየ አሰላለፍ ይደጋግማሉ። ተቀባዮች ቦታ አይቀያየሩም፤ የቀኙ ሁልጊዜ በቀኝ፣ የግራው ሁልጊዜ በግራ ይሰለፋል። ይህ ተራ ነገር ይመስላል፣ ግን እያንዳንዱ ተጫዋች ዕቅዱን ከሁለቱም አቅጣጫ ገልብጦ መማር አይጠበቅበትም፤ የተረፈው ጊዜ ለድግግሞሽ ይውላል።

በጣም የታወቀው ዕቅድ ሜሽ ይባላል፣ መረብ እንደማለት ነው። ከግራና ከቀኝ የሚነሱ ሁለት ተቀባዮች ኳሱ ካለበት መስመር ስድስት ያርድ ያህል ገብተው ሜዳውን በአግድም ያቋርጣሉ። አንዱ ጥልቀቱን ይወስናል፣ ሌላው ከእሱ ሥር በእጅ ርቀት ታክኮ ያልፋል። አንዱ ተከላካይ አንዱን ተጫዋች እየተከተለ ከሆነ፣ ተከታዮቹ በመተላለፊያው ላይ እርስ በርስ ይጋጫሉ ወይም ዞረው ለማለፍ ሲሉ አንድ እርምጃ ይዘገያሉ፤ ተቀባዩ ሩጫውን ሳያቆም ይቀጥላል። ተከላካዮቹ ቦታ የሚጠብቁ ከሆነ ተቀባዩ ክፍተቱ ላይ ቆሞ ፊቱን ወደ ኳርተርባኩ ያዞራል። ስለዚህ ዕቅዱ አንድ ሆኖ መልሱ ሁለት ነው፤ የሚመርጠውም ተጫዋቹ ራሱ በሩጫ ላይ እያለ ነው።

ይህ ዕቅድ የሚበላሽባቸው መንገዶችም የታወቁ ናቸው። ሁለቱ ተቀባዮች ተራርቀው ከተላለፉ በመካከላቸው ተከላካይ ይሾልካል። ከአምስት ያርድ በታች ከሮጡ የመሐል ተከላካዮች ዓይናቸውን ሳያነሱ ያዩአቸዋል። ተቀባዩ ተከላካዩን ሆን ብሎ ከገጨ ደግሞ የ15 ያርድ ቅጣት ይመጣል። ኳርተርባኩ ወደ መረቡ ከመመልከቱ በፊት ወደ ጥግ የሚሮጠውን ሦስተኛ ተቀባይ ማየት አለበት፤ ያንን ዘሎ ወደ አጭሩ ከቸኮለ ተከላካዮች ወደ መስመሩ እየተጠጉ ሜዳውን ያጠቡበታል።

ኳርተርባኩን የሚጠብቁት አምስቱ የመስመር ተጫዋቾች ከተለመደው ሰፋ ብለው፣ በመካከላቸው ሦስት ጫማ ያህል ትተው ይቆማሉ። ስፋቱ ሁለት ጥቅም አለው፤ ከጫፍ የሚመጣው ፈጣን ተከላካይ ወደ ኳርተርባኩ የሚሮጠው መንገድ ይረዝማል፣ በመስመሩ ላይም ኳስ የሚታይበትና የሚያልፍበት መስኮት ይከፈታል። ጉዳቱ ደግሞ ክፍተቱ ራሱ ነው። በቀጥታ ሰብሮ የሚገባ ተከላካይ ካለ ጠባቂው ሁልጊዜ የውስጡን አደጋ አስቀድሞ መዝጋት፣ የውጩን ለርቀቱ መተው አለበት። ይህን ቅደም ተከተል የሳተ ጠባቂ ኳርተርባኩን ያስመታል።

ውሳኔው በኳርተርባኩ እጅ መሆኑም ከሌሎች የተለየ ነበር። ከአሰልጣኙ የመጣውን ዕቅድ ኳሱ ከመነሳቱ በፊት የመቀየር ሥልጣን አለው። የሚቆጥረው ቀላል ነገር ነው፤ መስመሩ አጠገብ ያሉት ተከላካዮች አምስት ወይም ከዚያ በታች ከሆኑ ለአምስቱ ጠባቂዎች አንድ ለአንድ ይደርሳቸዋልና ኳሱን ለሯጭ ይሰጣል፤ ከዚያ ከበዙ ይወረውራል። «ሚዛናዊ ማጥቃት» ሲባል ብዙዎች ግማሽ ሩጫ ግማሽ ውርወራ ማለት ይመስላቸዋል። ለሊች ሚዛን ማለት ኳስ ሊይዙ የሚችሉት ተጫዋቾች ሁሉ ለውጤቱ ማዋጣታቸው ነበር።

ልምምዱንም ሳልጠቅስ ማለፍ አይሆንልኝም፤ የዘዴው ግማሽ እዚያ ነውና። በተለመደው ልምምድ አንድ ኳርተርባክ ይወረውራል፣ አንድ ተቀባይ ይቀበላል፣ የቀሩት ቆመው ያያሉ። በኤር ሬይድ ልምምድ አምስት ወርዋሪዎች ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ተከላካይ የለም። አምስት ተቀባዮች በአንድ ዕቅድ ይሮጣሉ። የመጀመሪያው ወርዋሪ ለመጀመሪያው ምርጫ፣ ሁለተኛው ለሁለተኛው፣ እንዲህ እያለ አምስት ኳስ በአንድ ጊዜ ይነሳል። ከዚያ ወርዋሪዎቹ በአንድ ቦታ ይዛወሩና ያው ዕቅድ ይደገማል። አንድ ዙር ሲያልቅ እያንዳንዱ ወርዋሪ ለእያንዳንዱ ምርጫ ወርውሯል፣ ከአንዱ ሙከራ ወደ ሌላው ሲታለፍም ኳስ ሳይነካ የቀረ ተቀባይ የለም። ፍጥነት በሌለው ልጅ ላይ ፍጥነት መጨመር አይቻልም፤ ተደጋግሞ የተሠራ ነገር ግን እጅ ውስጥ ይቀራል። ከተረፈው ለሚመርጥ ቡድን ይህ ትልቅ ነገር ነው።

መድኃኒቱ ሲገኝለት

ሴፕቴምበር 26 ቀን 2020 ሊች በሚሲሲፒ ስቴት የመጀመሪያ ጨዋታቸውን ያለፈው የውድድር ዘመን ሻምፒዮን ከነበረው ሉዊዚያና ስቴት ጋር አደረጉ። ኳርተርባኩ ኬ. ጄ. ኮስቴሎ 623 ያርድ ወርውሮ የኮንፈረንሱን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ቡድኑም 44 ለ34 አሸነፈ። በሳምንቱ አርካንሳ 21 ለ14 ረታቸው። ቀጥሎ ኬንተኪ ስድስት ኳስ ጠልፎ 24 ለ2 አሸነፋቸው።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ምን ተለወጠ? ተጋጣሚዎቹ ኳርተርባኩን ለማጥቃት ሦስት ሰው ብቻ እየላኩ ስምንቱን ወደ ኋላ መመለስ ጀመሩ። ስምንት ሰው ሜዳውን በስፋትም በጥልቀትም ሲካፈለው ሜሽ የሚፈልገው ክፍተት ይጠብባል። ኳርተርባኩ ጊዜ አለው፣ የሚወረውርለት ግን የለውም፤ ትዕግሥቱ ሲያልቅ ረጅሙን ይሞክርና ይጠለፋል። ለዚህ ያለው መልስ ኳሱን ለሯጭ መስጠትና አራት አምስት ያርድ እየለቀሙ መሄድ ነው። ተቺዎች ሊች ይህን በበቂ አላደረጉም ይላሉ፣ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ድሎችም ይመሰክራሉ። በ2018 ዋሽንግተን ስቴት በታሪኩ ከፍተኛ የሆነውን 11 ድል ባስመዘገበበት ዓመት እንኳ አፕል ካፑን በበረዶ ውስጥ 28 ለ15 ተሸነፈ፤ የኮንፈረንሱ የፍጻሜ ዕድልም አብሮ ሄደ። እኔ ከተቺዎቹ ጋር እስማማለሁ። ሊች ለዘዴው ያላቸው ታማኝነት ትንሽ ቡድን ትልቁን እንዲያሸንፍ አስችሏል፤ ተጋጣሚ መልሱን አጥንቶ ሲመጣ ደግሞ ያው ታማኝነት ዋጋ አስከፍሏል።

ዘሩ የት ደረሰ?

ሊች በሞቱ በ28ኛው ቀን፣ ጃንዋሪ 9 ቀን 2023፣ ቲ.ሲ.ዩ. (ቴክሳስ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ) ለብሔራዊ ሻምፒዮንነት ተጫወተ። አሰልጣኙ ሰኒ ዳይክስ በኬንተኪና በቴክሳስ ቴክ ከሊች ጋር የሠሩ ናቸው፤ በ2014 የ60 ለ59ኙን ጨዋታ ያሸነፈውን ካሊፎርኒያንም ያሰለጥኑ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ሊች ሊሞቱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የሚያገኘውን የሃይዝማን ሽልማት ኬሌብ ዊሊያምስ ወሰደ። አሰልጣኙ ሊንከን ራይሊ በቴክሳስ ቴክ የሊች ተጠባባቂ ኳርተርባክ ነበሩ፤ ሊች ገና በተማሪነታቸው ወደ ረዳትነት አሸጋገሯቸው። ቤከር ሜይፊልድና ካይለር መሪም በ2017 እና በ2018 ይህንኑ ሽልማት ያገኙት በራይሊ ሥር ነው። ኳርተርባኩን ጆሽ ሃይፕልን በ1999 ወደ ኦክላሆማ ያመጡት በዚያ ረዳት አሰልጣኝ የነበሩት ሊች ናቸው። ሊች ለቀው ከሄዱ በኋላ በ2000 ኦክላሆማ በእሱ ኳርተርባክነት ሻምፒዮን ሆነ። የፕሮፌሽናል ሊጉ ኮከብ ኳርተርባክ ፓትሪክ ማሆምስም ቴክሳስ ቴክ ሲማር አሰልጣኙ የሊች የቀድሞ ኳርተርባክ ክሊፍ ኪንግስበሪ ስለነበሩ ከዚሁ የትምህርት ሐረግ ይመዘዛል። ዴቭ አራንዳ ደግሞ የመከላከል ሰው ሆነው ሳለ ከሊች ቤት ወጥተው በ2021 ከቤይለር ዩኒቨርሲቲ ጋር ቢግ 12 የተባለውን ኮንፈረንስ ዋንጫ አንስተዋል።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ አለ። ራይሊም ዳይክስም ዘዴውን እንዳለ አልወሰዱትም፤ ጠንካራ የሩጫ ጨዋታ ጨመሩበት። ታዲያ ያሸነፉት ከሊች በወሰዱት ነው ወይስ ከሊች በተለዩበት? መልሱ በከፊል ሁለቱም ነው። የሩጫው ጨዋታ የራሳቸው ነው። የልምምዱ አደረጃጀት፣ የዕቅዶቹ ማነስ፣ ለኳርተርባኩ የተሰጠው ሥልጣን ግን ከሊችና ከመሚ የመጣ ነው፤ ሌላ ነገር የሚጨመርበት ቦታ የተገኘውም መሠረቱ ቀላል ስለነበር ነው። ወፍራም ጥራዝ ላይ ሌላ ጥራዝ መጫን አይቻልም።

ያልታረቀው ጉዳይ

ሊችን በቅን ልብ የሚያስታውስ ሰው የሉቦክን፣ ማለትም የቴክሳስ ቴክን ከተማ፣ ጉዳይ አይዘልለውም። ቴክሳስ ቴክ ዲሴምበር 30 ቀን 2009 ሲያሰናብታቸው፣ የጭንቅላት መናወጥ የደረሰበትን ተጫዋች አያያዝ በምክንያትነት አቅርቧል። ሊች ክሱን አስተባብለው ዩኒቨርሲቲውን ከሰሱ፤ ለ2009 ያልተከፈለኝ 2.5 ሚሊዮን ዶላር አለ ሲሉ ቆዩ። ፍርድ ቤት የውሉን ክርክር ያላየው በሉዓላዊ መንግሥት ያለመከሰስ መብት ምክንያት ነው፤ ይህም መንግሥታዊ ተቋም ካልፈቀደ በስተቀር በውል ጥሰት ሊከሰስ አይችልም የሚል መርሕ ነው። የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2012 ጉዳዩን ለማየት ባለመፈለጉ የገንዘቡ ጥያቄ በፍሬ ነገሩ ሳይዳኝ ቀረ። ዛሬም ሁለት ታሪክ የሚነገረው ስለዚህ ነው፤ ዳኛ ያልመዘነውን ማስረጃ ሁሉም በየራሱ ይመዝነዋል።

በ2020 ገመድ የሚታይበት ምስል በማኅበራዊ ገጻቸው አጋርተው ይቅርታ መጠየቃቸውም መነሳት አለበት። ጥቁሮች በገመድ የተሰቀሉበት ታሪክ ባለበት ሚሲሲፒ ያ ምስል ቀልድ ሊሆን አይችልም ነበር፤ ቅሬታውም ትክክለኛ ነበር።

ሦስት ከተሞች ለምን ያዝናሉ?

ሉቦክ፣ የዋሽንግተን ስቴቷ ፑልማንና የሚሲሲፒ ስቴቷ ስታርክቪል አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። ሦስቱም ከትልልቅ ከተሞች የራቁ፣ በግዛታቸው ውስጥ ስሙ ከፍ ያለ ተቀናቃኝ ያለባቸው የዩኒቨርሲቲ ከተሞች ናቸው። ሊች ወደ እነሱ ሲመጡ አገሩ ቅዳሜ ማታ ቴሌቪዥን ከፍቶ ያያቸው ጀመር። ኖቬምበር 1 ቀን 2008 ቴክሳስ ቴክ አንድ ሰከንድ ሲቀረው ማይክል ክራብትሪ በተቀበላት ኳስ አንደኛ ደረጃ ላይ የነበረውን ቴክሳስን 39 ለ33 ሲያሸንፍ፣ ሉቦክ ያገኘችው ከአንድ ድል ይበልጥ ነበር፤ እንደ ታላላቆቹ ተቆጠረች።

ሰውየውም ራሳቸው በቀላሉ የሚረሱ አልነበሩም። ጋዜጠኛ ስለ ጨዋታ ሲጠይቃቸው ስለ ሠርግ ዝግጅት ረጅም ምክር የሚሰጡ፣ የባሕር ወንበዴዎችን ታሪክ የሚያጠኑ፣ በ2019 በዋሽንግተን ስቴት ስለ ሽምቅ ውጊያና ስለ ፉትቦል ስልት ሴሚናር ያስተማሩ ሰው ናቸው። የሽምቅ ውጊያውና የፉትቦሉ ጉዳይ ለእሳቸው አንድ ነበር፤ አቅም የሌለው አቅም ያለውን በምን ይቋቋመዋል?

የመጨረሻ ጨዋታቸው ኖቬምበር 24 ቀን 2022 ኤግ ቦውል ነበር፤ ስሙ ቦውል ቢባልም ይህ ከሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ (ኦል ሚስ) ጋር የሚደረግ ዓመታዊ የጎረቤታሞች ፍልሚያ ነው። ሚሲሲፒ ስቴት ኦል ሚስን በተጋጣሚው ሜዳ 24 ለ22 አሸነፈ። ሲያርፉ ቤተሰባቸው አካላቸውን ለሌሎች ሕሙማን ለገሰ። ጃንዋሪ 2 ቀን 2023 ቡድኑ የባሕር ወንበዴ ባንዲራ የተለጠፈበት ቆብ አድርጎ ታምፓ ላይ ከኢሊኖይ ጋር ወጣ። በመጀመሪያው ሙከራ ተጫዋቾቹ በኤር ሬይድ አሰላለፍ ቆሙና ኳሱን ሳያነሱ የተሰጣቸው ሰከንድ እስኪያልቅ ጠበቁ። ዳኛው በደንቡ መሠረት ጨዋታ የማዘግየት ቅጣት ጣለ። ኢሊኖይ ቅጣቱ እንዲፈጸምለት አልፈልግም አለ። ከዚያ ጨዋታው ተጀመረና ሚሲሲፒ ስቴት 19 ለ10 አሸነፈ።

ከ2027 በኋላ

ወሰኑ መውረዱ ለመታጨት ያበቃል እንጂ አያስገባም። የእጩዎች ዝርዝር ወጥቶ የፋውንዴሽኑ አባላትና በሕይወት ያሉ የአዳራሹ ባለ ክብሮች ድምፅ ይሰጣሉ፤ የመጨረሻውን ምርጫ የሚያደርገው ለዚሁ የተቋቋመ የክብር ችሎት ነው። መራጮቹ የሚመዝኑት ድልና ሽንፈትን ብቻ ስላልሆነ የሉቦክ ጉዳይም፣ የአፕል ካፕ ሽንፈቶችም፣ የተማሪዎቻቸው ብዛትም ጠረጴዛው ላይ መውጣታቸው አይቀርም።

በሌላ በኩል አዲሱ ወሰንም ከሥሩ የሚያስቀረው ሰው ይኖረዋል። 59.5 በመቶ ማለት በ265 ጨዋታ 158 ድል ነው፤ 157 ያለው አሰልጣኝ 59.2 ላይ ይቆማል። ሊች በአዲሱ ደንብም የሚያልፉት አንድም ትርፍ ድል ሳይኖራቸው ነው። ከሳቸው ድሎች አንዱ፣ ለምሳሌ ያ 24 ለ22ቱ የመጨረሻው ጨዋታ፣ በሽንፈት ተጠናቆ ቢሆን ኖሮ ዛሬም ከደጅ በቀሩ ነበር።